ስለማይናገረው ጀግናና ስለሚጠበቀው ፊልም

የልጆችን ጨዋታ ነገር በዚህ ገጽ ማንሣታችን ለአንዳንዱ ሰው ከንቱ ሥራ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ልጅ በቤት ውስጥ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፍበት ነገር እንደ ቀላል ሊቈጠር አይገባውም። ይልቁንም አባትና እናት ራሳቸው በልጅነታቸው ተጫውተውት ያደጉበት፥ ዛሬም ከልጆቻቸው ጋራ ቁጭ ብለው የሚጫወቱት ሲሆን ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ይሆናል። እንዲህ ካሉት አንዱ ጃፓኖች የሠሩት «የዜልዳ አፈ ታሪክ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ አሁን ሰዎች የሚተውኑት ፊልም ሊሆን ስለ ተቃረበ፥ በጃፓንም በአሜሪካም በአውሮፓም ብዙ ቤተ ሰቦች በናፍቆት ይጠብቁታል፤ ከናፍቆቱም ጋራ ሥጋት አለባቸው። የሥጋቱን ምክንያት መግለጽ የዛሬው ጽሑፋችን ሐሳብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠራውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጨዋታውን ያወጣው ኒንቴንዶ የሚባለው የኪዮቶ ኩባንያ ነው። ፉሳጂሮ ያማውቺ የተባለ ሰው በ1889 ዓ.ም. ሲያቋቁመው ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በዚሁ ኩባንያ የተቀጠረው ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1952 ዓ.ም. በኪዮቶ አውራጃ ሶኖቤ በምትባል ስፍራ የተወለደ ነው። በልጅነቱ በሰፈሩ ኮረብታና ጫካ ብቻውን መዘዋወር ይወድ ነበርና አንድ ቀን ዋሻ አገኘ፤ መብራትም ይዞ ገባበት። በዚያ ዋሻ ውስጥ የተሰማውን ፍርሃትና ደስታ በከተማ ቤት ተዘግተው ለሚያድጉ ልጆች ለማካፈል አስቦ፥ ከጓደኛው ከታካሺ ቴዙካ ጋራ የመጀመሪያውን «የዜልዳ አፈ ታሪክ» አሰናዳ። ጨዋታው በጃፓን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1986 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. አሜሪካ ሲደርስም ወርቅ በሚመስል ቀለም በተሠራ ካሴት ተሸጠ። ዜልዳ የሚለው ስም የተወሰደው ከታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ ከስኮት ፊትዝጄራልድ ሚስት ስም ነው። ነገሩ ተመልሶ ከጨዋታው ወደ ሰው ስም እንደ ተላለፈም ማስታወስ ደስ ያሰኛል፤ እውቁ የሲኒማ ተዋናይ ሮቢን ዊሊያምስ በ1989 ዓ.ም. ለተወለደችለት ልጁ ዜልዳ ብሎ ስም ያወጣላት ከዚህ ጨዋታ የተነሣ ነው።

የታሪኩ መሠረት አጭር ነው። ሃይሩል በምትባል የተረት አገር ሦስት የወርቅ ሦስት ማዕዘኖች አሉ፤ አንዱ የኀይል፥ አንዱ የጥበብ፥ አንዱም የድፍረት ነው። ጋኖን የተባለው ክፉ ኀይልን ይፈልጋል፤ የንጉሡ ልጅ ዜልዳ ጥበብን ትጠብቃለች፤ ድፍረት ግን የሚገኘው ዘሩም ሀብቱም በማይታወቅ ሊንክ በሚባል ልጅ ዘንድ ነው። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የወጡት ጨዋታዎች ይህንኑ በልዩ ልዩ መልክ እየደጋገሙ ያወሩታል።

እንግዲህ የነገሩ ቍልፍ ይህ ሊንክ ነው። ስሙ በእንግሊዝ ቋንቋ ማገናኛ ማለት ነው፤ ሠሪዎቹም በሚጫወተው ልጅና በተረቱ አገር መካከል የቆመ ድልድይ አድርገውታል። ስለዚህ ሊንክ አይናገርም። ሰይፍ ሲመዝዝ ይጮኻል፥ ሲወድቅ ያቃስታል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ሲያነጋግሩት መልሱ የሚታወቀው በሚጫወተው ልጅ ልብ ብቻ ነው። በቀደሙትም ጨዋታዎች ልጁ የገዛ ስሙን ጽፎ ይገባ ነበርና የተረቱ ሰዎች ሁሉ በስሙ ይጠሩት ነበር። በኛ አገር አያት በምሽት ተረት ስትነግር የጀግናውን መልክ ዘርዝራ አትናገርም፤ የሚሰማው ልጅ የወደደውን መልክ ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜም የራሱን። የሊንክ ዝምታ ሥራው እንደዚሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በወላጆች ልብ የቀረው በ1998 ዓ.ም. የወጣው «የጊዜ ኦካሪና» የተባለው ነው። ኦካሪና በትንፋሽ የሚነፋ ትንሽ የዜማ መሣሪያ ነው። በዚህ ጨዋታ ሊንክ ገና ሕፃን ሳለ የተቀደሰውን ሰይፍ ከድንጋይ ይነቅላል፤ ወዲያውም ሰባት ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ራሱን ጐልማሳ ሆኖ ያገኘዋል። የቤተ መንግሥቱ ከተማ ፈርሳለች፤ በልጅነት የሚያውቃቸውም ልጆች አላወቁትም። በመጨረሻ ዜልዳ ያለፈበትን ልጅነት እንዲኖር ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ይህን በ10 ዓመቱ የተጫወተ ልጅ ዛሬ ወደ 40 ዓመት ተጠግቷል፤ ምናልባትም በአጠገቡ የ10 ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ለልጁ ጨዋታ የሆነው ለአባቱ ግን ሌላ ነገር እንደሚነግረው መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ኒንቴንዶ ይህን ፊልም ከሶኒ ፒክቸርስ ጋራ እንደሚሠራ በኖቬምበር 2023 ዓ.ም. አስታወቀ። ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚከፍለው ኒንቴንዶ ራሱ ሲሆን፥ የሥራው ኀላፊዎች ሚያሞቶና አሜሪካዊው አቪ አራድ ናቸው። ዲሬክተሩ ዌስ ቦል ይባላል፤ በ2024 ዓ.ም. ስለ ዝንጀሮዎች መንግሥት የሚናገረውን ፊልም የሠራው ነው። በጁላይ 2025 ዓ.ም. ደግሞ ሚያሞቶ የተዋንያኑን ስም ገለጸ፤ ዜልዳን የምትጫወተው ቦ ብራጋሰን፥ ሊንክን የሚጫወተውም ቤንጃሚን ኢቫን አይንስዎርዝ ናቸው። ይህ ወጣት በ2022 ዓ.ም. በወጣው የፒኖክዮ ፊልም ለእንጨቱ አሻንጉሊት ድምፁን የሰጠ ነው። የፊልሙ ሥዕል የተነሣው በኒው ዚላንድ ነው። የመታያው ቀን አስቀድሞ ማርች 26 ቀን 2027 ዓ.ም. ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ተዛውሯል።

ወላጆች የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚሁ ኩባንያ የመጣው የማሪዮ ጨዋታ በ1993 ዓ.ም. በሰው ተዋንያን ፊልም ሆኖ ሲወጣ፥ ልጆቹ የሚያውቁትን የደስታ አገር በጨለማ ከተማ ለውጦ አሳያቸውና በሰውም ዘንድ ወደቀ፤ በገንዘብም ከሰረ። ዋናውን የተጫወተው ቦብ ሆስኪንስም ከዓመታት በኋላ በዚያ ሥራው መጸጸቱን ሳይሸሽግ ተናግሯል። በ2023 ዓ.ም. ግን ሚያሞቶ ራሱ ከሥራው ኀላፊዎች አንዱ ሆኖ የቆመበት የማሪዮ የሥዕል ፊልም ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ነገር ግን ማሪዮ ተጫዋችና ተናጋሪ ነው፤ በፊልም ቢያወራ የሚቀርበት ነገር የለም። የሊንክ ነገር ከዚህ ይለያል።

ፊልሙ ሲወጣ ሊንክ አንድ ፊትና አንድ ድምፅ ይኖረዋል። እስካሁን በሚሊዮን ቤት ሚሊዮን ሊንክ ነበረ፤ አባትየው የሠራው ሊንክና ልጁ የሠራው ሊንክ አንድ አልነበሩም፥ ሁለቱም ግን በአንድ መቀመጫ ላይ ይስማሙ ነበር። ዝም ያለ ተዋናይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሕዝብ ፊት ሊቆም አይችልም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይህ ትክክል አይመስለኝም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው «የዱር እስትንፋስ» የተባለው ጨዋታ መንገዱን ያሳያል፤ በዚያ ሌሎቹ ዋና ዋናዎች ድምፅ ተሰጥቷቸው ሲናገሩ ሊንክ ዝም እንዳለ ነው፤ ምክንያቱም በዜልዳ ማስታወሻ ደብተር ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ዓይን በርሱ ላይ ስላረፈ ሸክሙን በዝምታ መሸከም እንደሚገባው ለርሷ ነግሯታል። ይህን የመሰለ ጭምትነት በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለተዋናይም ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ሥራ ነው። ዲሬክተሩም የጃፓኑን የሥዕል ፊልም ሊቅ የሐያዎ ሚያዛኪን መንፈስ በሰው ተዋንያን ማሳየት እንደሚመኝ ተናግሯል፤ በሚያዛኪ ሥራ ደግሞ ነፋስና ሣር ብቻ የሚታይበት፥ ሰው የማይናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቃሉን ከጠበቀ ተስፋ አለ።

ይህ እስኪታወቅ ድረስ ግን ጨዋታው በቤታቸው ያለ ወላጆች አንድ ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። ልጃቸው የሲኒማውን ሊንክ ሳያይ ወረቀትና ቀለም ሰጥተው የራሱን ሊንክ ያስሥሉት፤ ድምፁ እንዴት ያለ እንደ ሆነ፥ ለንጉሡ ልጅ ምን ብሎ እንደሚመልስላት ይጠይቁት። አባትየውም የራሱን ቢሥል ነውር የለበትም። አንድ ጊዜ ፊልሙ ከታየ በኋላ ልጁ የሚሥለው የአይንስዎርዝን ፊት ይሆናል፤ የቀድሞውን ቢፈልገው እንኳ አያገኘውም። ወረቀቱ ግን በሣጥን ይቀመጣል።

ስለ ዜልዳም ጥቂት ቃል እንጨምር። ጨዋታው በስሟ ቢጠራም ለብዙ ዘመን ሥራዋ ተማርካ መጠበቅ ነበር። በ1998ቱ ጨዋታ በወንድ ልብስ ተሰውራ ሊንክን ታስተምረዋለች፤ በመጨረሻ ግን እርሷም ትማረካለች። በዋናው ተከታታይ ውስጥ ራሷ መሪ ሆና የተጫወተችው ከ38 ዓመት በኋላ፥ በሴፕቴምበር 2024 ዓ.ም. ነው። በኖቬምበር 2025 ዓ.ም. የወጡት የመጀመሪያዎቹ የፊልም ሥዕሎች ሊንክን በአረንጓዴ፥ ዜልዳን በሰማያዊ ልብስ ከመስክ ላይ አብረው ያሳያሉ። ቦ ብራጋሰን የምትጫወታት ዜልዳ የ1986ቷ እስረኛ ትሁን ወይስ የ2024ቷ መሪ፥ ከሥዕሎቹ ብቻ አይታወቅም። ሴቶች ልጆች ያሏቸው ቤተ ሰቦች ከሊንክ ንግግር ይልቅ ይህን እንደሚጠባበቁ አልጠራጠርም።