ገዢው የሚመርጠው ስምን ነው ወይስ ሥራን?

ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተር ክፍል በመጠኑ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ስሌቱን ሁሉ የሚያከናውን በመሆኑ የኮምፒዩተር አንጎል ተብሎ ይጠራል። ባንኮች፣ አየር መንገዶችና የንግድ ድርጅቶች በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ጊዜ ሲገዙ፣ በውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር የማን ሥራ እንደሆነ ማወቁ ከፍተኛ ገንዘብን የሚመለከት ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ገበያ ለረጅም ዘመን ሲፎካከሩ የኖሩት እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው ኢንቴልና በ1969 የተቋቋመው ኤ.ኤም.ዲ. የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። የገዢዎች አመለካከት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያጋድል የኖረበት ታሪክ ለማንኛውም ገዢ ትምህርት ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ለመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተሩ የመረጠው የኢንቴልን ፕሮሰሰር ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ታላቅ ገዢ በአንድ አቅራቢ ላይ ብቻ መንጠልጠልን ስላልወደደ፣ ሁለተኛ አምራች እንዲኖር ጠየቀ። በዚህም ምክንያት ኤ.ኤም.ዲ. በ1982 ከኢንቴል ጋር ተስማምቶ ተመሳሳዩን ፕሮሰሰር ለመሥራት ቻለ። ስለዚህ ለፉክክሩ በር የከፈተው የአንድ ገዢ ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል።

ከጊዜ በኋላ ግን ብዙ ድርጅቶች ይህን ጥንቃቄ ዘነጉት። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ኢንቴል ስሙን በየኮምፒዩተሩ ገላ ላይ እያስለጠፈ በሰፊው ሲያስተዋውቅ፣ ስሙ ራሱ የጥራት ዋስትና መስሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ደረሱበት። ኩባንያው ስሕተቱ ተራውን ተጠቃሚ የሚያጋጥመው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው በማለት ነገሩን አቃለለው፤ ፕሮሰሰሩንም የሚለውጠው ችግር እንደሚደርስባቸው ለሚያስረዱ ብቻ እንደሚሆን አስታወቀ። አይ.ቢ.ኤም. በበኩሉ ስሕተቱ በ24 ቀን አንድ ጊዜ ሊያጋጥም ይችላል ብሎ ሽያጩን አቆመ። በመጨረሻም ኢንቴል ለጠየቀ ሁሉ ለመለወጥ ተገደደ፤ ለዚሁም 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፣ ገዢዎችን ይበልጥ ያስቆጣው ከስሕተቱ ይልቅ የተሰጠው መልስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኤ.ኤም.ዲ. ኦፕቴሮን የተባለ የሰርቨር ፕሮሰሰር አወጣ። ይህ ፕሮሰሰር የ64 ቢት ሥራ እየሠራ፣ ድርጅቶች በብዙ ወጪ ያዘጋጇቸውን የቀድሞ የ32 ቢት ፕሮግራሞችም ያለችግር ያስኬድ ስለነበር ተፈላጊነቱ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ከኢንቴል በስተቀር ሌላ የማይቀበለው ዴል እንኳ በ2006 በኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰር የሚሠሩ ሰርቨሮችን እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ኢንቴል የተሻለ ሥራ ይዞ ቀረበ፤ በ2011 የወጣው የኤ.ኤም.ዲ. አዲስ ፕሮሰሰር ደግሞ የተጠበቀውን ያህል ስላልሆነ ገዢዎች ፊታቸውን መለሱ። ኤ.ኤም.ዲ. በ2017 ኤፒክ የተባለውን የሰርቨር ፕሮሰሰር ሲያወጣ የኢንቴል አዲስ የአመራረት ዘዴ በመዘግየት ላይ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ሜልትዳውን የተባለው የደኅንነት ጉድለት በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ሚዛኑ እንደገና ማጋደል ጀመረ።

በአንድ አምራች መጽናት ይሻላል የሚሉ ወገኖች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉ ይሆናል። ክርክራቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አዲስ ፕሮሰሰር ሲገባ ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና መፈተሽ አለባቸው፤ ሠራተኞችም መሠልጠን ይኖርባቸዋል። ከዚህም በላይ በአንዱ ኩባንያ ሰርቨር ላይ የሚካሄድን ሥራ ሳያቋርጡ ወደ ሌላው ኩባንያ ሰርቨር ማዛወር አስቸጋሪ ነው። ሒሳብ የሚያሠራ ባንክ ለአንድ ሰዓት ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት ከፕሮሰሰሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ቢሆንም ይህ ክርክር በዝግታና በጥንቃቄ ለመለወጥ እንጂ ፈጽሞ ላለመለወጥ ምክንያት አይሆንም። ገዢው ወደ ሌላ እንደማይሄድ ያወቀ ሻጭ ዋጋ ለመቀነስም ሆነ ሥራውን ለማሻሻል የሚያስገድደው ነገር የለም። ገዢው ዛሬ ከሁለተኛው አምራች ባይገዛ እንኳ፣ ጥቂት ሰርቨሮች አስመጥቶ በራሱ ሥራ ላይ ቢፈትናቸው ለሚመጣው ግዢ ዕውቀትና የመደራደር ኃይል ያገኛል። ለፈተናው የሚያወጣው ገንዘብም በከንቱ የባከነ አይደለም።

የዛሬው ባለድል ነገም ባለድል ሆኖ ይኖራል ብሎ ማመን የቀድሞውን ስሕተት መድገም ነው። አማዞን በ2018 የራሱን የሰርቨር ፕሮሰሰር ማቅረቡ፣ አፕልም በ2020 ከኢንቴል ወደ ራሱ ሥራ መዞር መጀመሩ ሁለቱም ነባር ኩባንያዎች ያለተቀናቃኝ እንደማይኖሩ አሳይቷል። ስለሆነም ብልኅ ገዢ ለአምራቹ ስም ታማኝነት አይገባም፤ ታማኝነቱ አገልግሎቱን ለሚጠብቁት ደንበኞቹ ነውና፣ እያንዳንዱን ዕቃ በየጊዜው በሥራው መዝኖ ይገዛል።