ሙያ በልብ አይደለም፣ በሙቀጫ ነው

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው ራሱ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ቢያውቅ ኖሮ ሙያ ያለው በእጅ፣ በምላስ፣ በዓይንና በአፍንጫ መሆኑን ባልሳተው ነበር። የተረቱ መነሻ እንኳ መልካም ነው፤ አፍህን አታስቀድም፣ ሠርተህ አሳይ ነው የሚለው። እኛ ግን ሌላ ሥራ ሰጠነው። ያወቀ እንዳይናገር፣ ያላወቀ እንዳይጠይቅ፣ የሠራች ደግሞ ዋጋዋን እንዳትጠይቅ አፍ ማስያዣ አደረግነው። ዛሬ ሙግቴ ከዚህ ተረት ጋር ነው፤ ምስክሬን የምጠራው ግን ከሩቅ አገር፣ ከታይላንድ ነው።

ባንኮክን አብዛኞቻችን የምናውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በሕክምናና በንግድ። እኔንም የወሰደኝ ሕክምና ነው። ዘመድ ለማሳከም አብሬ ሄጄ፣ የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ያረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ ግማሽ ቀን በገዛ እጅዎ አራት የታይ ምግብ ይሠራሉ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዋጋው አንድ ሺህ ባት ገደማ ነው። ከፍዬ ገባሁ።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ተሻግረህ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋልክ? እናትህ ቤት ወጥ ቤት አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱም አጭር ነው። እናቴ ቤት ወጥ ቤት ነበር፣ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። በአገራችን ወንድ ልጅ ማጀት ብቅ ሲል «ምን ታነፈንፋለህ፣ ውጣ!» ይባላል። ሴት ልጅ ደግሞ ትታዘዛለች እንጂ አትማርም። ሽንኩርት ላጪ፣ እሳት ቆስቁሺ፣ ውሃ አቀብዪ እየተባለች ታድጋለች። «በርበሬው ምን ያህል ነው?» ብትል «እያየሽ ነዋ!» ትባላለች። «እስከ መቼ ላቁላላው?» ብትል መልሱ «እስኪበቃው» ነው። መቼ ነው የሚበቃው? ሲበቃው!

ባንኮክ ውስጥ «እስኪበቃው» የሚባል መልስ አልሰማሁም። ትምህርቱ የሚጀምረው ከምድጃ ሳይሆን ከገበያ ነው። አስተማሪያችን ሃምሳውን ያለፉ ወይዘሮ ናቸው። ተማሪዎቹ አምስት ነን፤ ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ ባልና ሚስት፣ ሁለት ኮሪያውያን ወጣቶችና እኔ። በጠዋት ክሎንግ ቶይ ወደሚባለው ትልቅ ገበያ ይዘውን ገቡና እያንዳንዱን ቅጠልና ሥር እየቀነጠሱ አሸተቱን። ጠጅ ሣርን እዚያ አገኘሁት። እኛ ሻይ ውስጥ ጣል የምናደርገው ያው ጠጅ ሣር፣ እነሱ ዘንድ የወጥ ምሰሶ ነው። የበሶብላንም ዘመድ አገኘሁ፤ እኛ አድርቀን ሽሮና በርበሬ ውስጥ የምናስፈጨውን እነሱ በእርጥቡ ጨብጠው ድስት ላይ ይበትኑታል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ እርድ ሁሉም አለ።

በርበሬው ጋ ስንደርስ ወይዘሮዋ ቆም ብለው «ይኼ የእኛ አይደለም፤ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ወደዚህ ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው» አሉ። የእኛም በርበሬ የዘር ግንዱ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያም ሆነ በታይላንድ ምድር ሚጥሚጣ የቀመሰ ሰው አልነበረም። «ከጥንት ከጠዋቱ የእኛ» ብለን የምንምልበት ቀይ ወጥ እንኳ፣ አንድ ቀን አንዲት ሴት ከማታውቀው እንግዳ ፍሬ ጋር ታግላ የተማረችው ነው ማለት ነው። ተማሪ የነበረ ማጀት እንዴት ማስተማር ያፍራል?

ከገበያ መልስ ለእያንዳንዳችን አንድ ምድጃ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ የድንጋይ ሙቀጫ ተሰጠን። አረንጓዴውን ወጥ ለመሥራት ቅመሙን መውቀጥ አለብን። መጀመሪያ የታመሰው ድንብላልና ከሙን፣ ከዚያ ጨውና ጭረት የበዛበት ጠጅ ሣር፣ ከዚያ ቃሪያው፣ በመጨረሻ ውሃ ያዘሉት ሽንኩርቶችና የሽሪምፕ ድልሁ። ለምን በዚህ ተራ? ደረቁ ከእርጥቡ በኋላ ከገባ አይደቅም፤ ጨው ደግሞ እንደ አሸዋ ሆኖ ጭረቱን ይፈጫል። አንደኛው ኮሪያዊ ሁሉንም በአንዴ ጨምሮ ሲደበድብ ወይዘሮዋ አልተቆጡትም። የእሱንና የጀርመናዊቷን ሙቀጫ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ሁለቱንም በጣታችሁ እሹት» አሉን። የአንዱ ይቆረቁራል፣ የአንዷ ልስልስ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ይረሳል?

ቀጥሎ የኮኮናት ወተቱ ወፍራሙ ብቻ እሳት ላይ ተጣደ። ዘይቱን እስኪተፋ ድረስ ቅመሙ አይገባም፤ መዓዛው የሚወጣው በዘይት ውስጥ ሲጠበስ ነው። ይኼማ ቁሌት ነው! የእኛ እናቶች ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልተው፣ ዘይት ጨምረው፣ በርበሬውን የሚያበስሉበት ጥበብ ወንድም ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ምክንያቱ ይነገራል።

«የምግብ ሙያ በቁጥር አይለካም፤ የእጅ ነገር ነው» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ወይዘሮዋም በቁጥር አልቆሙም። ለሾርባው ይህን ያህል ማንኪያ የዓሣ መረቅ፣ ይህን ያህል ሎሚ ብለው ካስለኩን በኋላ ማንኪያ አስይዘው «ቅመሱ፣ ምን ጎደለው?» አሉን። ጎምዛዛው፣ ጨዋማው፣ ጣፋጩ፣ የሚያቃጥለው፤ አራቱን እንዲያመዛዝን ምላሳችንን አሠለጠኑት። ቁጥሩ ምርኩዝ ነው፤ መራመድ የቻለ ይጥለዋል። ምርኩዙን የከለከሉት ልጅ ግን ከነጭራሹ ላይቆም ይችላል። ስንወጣ የሠራነው ሁሉ የተጻፈበት ትንሽ መጽሐፍ ሰጡን። የሙያ ምሥጢር የምንለውን ነገር ሴትየዋ አስረው ሰጡን እኮ፤ ያውም ለአምስት ባዕዳን! ምን ጎደለባቸው? ምንም። ነገም ሌላ አምስት ይመጣል።

እውነት ነው፣ ለቱሪስት የሚሰጥ የግማሽ ቀን ትምህርት አንድን አገር አያሳውቅም። ቃሪያውም ለፈረንጅ ምላስ ተብሎ ይቀነሳል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ከዚያች ክፍል በስተጀርባ ምግብን እንደ ዕውቀት የቆጠረ አገር አለ። ሲያም ስሟን ወደ ታይላንድ የለወጠችው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው በፒቡንሶንግክራም መንግሥት ዘመን ፓድ ታይ የተባለው የኑድል ምግብ ለሕዝብ እንዲተዋወቅ ተደረገ፣ ዛሬ የአገሪቱ መታወቂያ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ «ግሎባል ታይ» የተባለ ዕቅድ አውጥቶ፣ ያን ጊዜ በዓለም ላይ አምስት ሺህ ተኩል ያህል የነበሩትን የታይ ምግብ ቤቶች ስምንት ሺህ ለማድረስ ተነሣ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶም ያም ጉንግ የተባለው የሽሪምፕ ሾርባ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። አንድ ሾርባ! ሳይጻፍ፣ ሳይለካ፣ ለሌላ ሳይነገር እዚያ የሚደርስ ሾርባ የለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አብሲት የሚጣለው ለምንድን ነው ብላችሁ እንጀራ ጋጋሪ ጠይቁ። «እናቴ ስትጥል አይቼ» ትላለች፤ አልፈርድባትም፣ ማን ነገራት? ከቡኮው ጥቂቱ በስሎ ሲመለስ ሊጡን ያያይዘዋል፣ በእርሾው የተፈጠረውን አየር እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ዓይኑም ያምራል። ይህን ያህል ረቂቅ ሥራ በየቤቱ እየተሠራ «ሙያ በልብ ነው» ብለን ሸፈንነው። ያልተጻፈውን ሌላ ይጽፈዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የአውሮፓ ፓተንት ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ መሰጠቱን፣ የሄግ ፍርድ ቤትም በ2018 መጨረሻ በዚያች አገር ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ማለፉን አንርሳ።

ነገሩ የቱሪስትና የፓተንት ብቻ ቢሆን ብዕሬን ባላነሣሁ። ቁም ነገሩ የሰው ነው፣ የሴት ነው። ዕውቀት ያልነው ነገር ይከፈልበታል። ተፈጥሮ ያልነው ነገር ደግሞ ይመረቅበታል። «እጅሽ ይባረክ» እንላታለን፤ በምርቃት የቤት ኪራይ አይከፈልም። ትልልቅ ሆቴሎቻችን ደጃፍ ቁሙና ተመልከቱ። ነጭ ቆብ የደፋው ሰውዬ ሼፍ ይባላል። ከኋላ ጭስ የሚበላት፣ ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት የምታወጣው ሴት ወጥ ሠሪ ናት። ዕውቀቱ ከማን ይበልጣል? ደመወዙስ የማን ይበልጣል?

ሕጉም ከእኛ የተሻለ አላየም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የምትሄድ ልጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊኖራት ይገባል አለ። መልካም! የቤት ሥራ ሙያ ነው ማለት ነው። እዚሁ አዲስ አበባ በሰው ቤት የምትሠራው እህቷስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ሥራ ከሽፋኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። ያው እጅ፣ ያው ድስት፣ ባሕር ሲሻገር ሙያ ይባላል፣ እቤት ሲቀር በልብ ይቀራል።

«ለፈረንጅ ካስተማርን ባህላችንን ይወስዱታል» የሚለው ፍርሃትም ውሃ አይቋጥርም። ወይዘሮዋ ያስተማሩን አምስት ሰዎች አገራችን ስንገባ ያንን ወጥ ለመሥራት የምንፈልገው የዓሣ መረቅ፣ የኮኮናት ወተት፣ የተወቀጠ ቅመም ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ካገሩ ነው። ትምህርቱ ገበያውን ይጎትታል። የእኛም በርበሬ፣ ኮረሪማና ጤፍ ተከታይ የሚያገኙት አሠራራቸውን የሚያውቅ ሰው ሲበዛ ነው። ሼፍ ዮሐኒስ ገብረየሱስ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ2020 የጄምስ ቢርድን ሽልማት ሲያገኝ፣ የተነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ደስ ይለኛል፤ ቢሆንም ድስቱ የሚሠራበት ቋንቋ አማርኛውና ኦሮምኛው፣ ትግርኛውና ጉራጊኛው ነው፤ ያን ቋንቋ የምታነብ ልጅ መጽሐፉን የት ታግኘው?

ደግሞ እንግዳ አያያዛችንን ተመልከቱት። በየባህል ምግብ ቤቱ ፈረንጁን ጎትተን መድረክ ላይ እናወጣውና ትከሻውን እንዲሰብቅ እናደርጋለን፤ ማጀት ግን አናስገባውም። የሚያስገቡት ጥቂቶች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። እንግዳው ጨፍሮ፣ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ይዞት የሚሄደው ትዝታ እንጂ ዕውቀት አይደለም። አክንባሎውን አንድ ጊዜ እንኳ በገዛ እጁ ያነሣ ሰው ግን ስለ እንጀራ ጋጋሪዋ የሚያስበው ከዚያ በኋላ አንድ አይሆንም። ይህ ለፈረንጁ ብቻ አይደለም፤ ለባልዋም ይሠራል።

እንግዲህ የምለው ይኼ ነው። የምታውቁ እናቶች ንገሩን፤ የምትሰሙ ልጆች ጻፉ፤ ማንኪያም ሚዛንም ያዙ። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ወጥ ሠሪዋን በስሟ ጥሩና ማስተማር እንደምትችል አውቃችሁ ክፈሏት። ሕግ አውጪዎች፣ ተላልፎ የኖረውን የቤት ሠራተኞች ነገር ቋጩት። ወንድ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ማጀት ብቅ ሲል «ውጣ» አትበሉት፤ ሙቀጫውን ስጡትና ይውቀጥ። ድንብላሉ ሲደቅ፣ ክንዱ ሲዝል፣ ዓይኑ በቃሪያ ሲያነባ፣ ሙያ የት እንደሚገኝ ያለ ተረት ይገባዋል።