ሆይ አንን ያለ አስጎብኚ ዙሩ፤ ቲኬቱን ግን ቁረጡ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ስለ ቬትናም የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሆይ አንን ማየቴን የሚያውቁ ደግሞ ሁለት ጥያቄ አያጡም። «አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ?» እና «የከተማው ቲኬት የሚሉት ነገር የግድ ነው ወይ?» ለእያንዳንዱ በኢንቦክስ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። አስጎብኚ አያስፈልግም። ቲኬቱን ግን ቁረጡ። በር ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ባይኖርም ቁረጡ። ለምን እንደምል ትንሽ ታገሱኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማታውቋት፣ ሆይ አን በመካከለኛው ቬትናም፣ ከዳ ናንግ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ቱ ቦን ወንዝ ዳር የተቀመጠች አሮጌ የንግድ ከተማ ናት። አውሮፓውያን ፋይፎ ይሏት ነበር። ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወደብ ነበረች። ጃፓኑ፣ ቻይናው፣ ፖርቱጋሉ፣ ሆላንዱ ሁሉ መርከቡን ያቆመባታል። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 1,107 የእንጨት ምሰሶና አግዳሚ ያላቸው ሕንፃዎች ተቆጥረውባታል። ይሄ ሁሉ የታጨቀው ደግሞ 30 ሄክታር ላይ ነው። በእግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪና አይገባም፤ ሞተር ሳይክልም አብዛኛውን ሰዓት ክልክል ነው። ብትጠፉ እንኳ ቁልቁል ወርዳችሁ ወንዙን ታገኛላችሁ። ታዲያ አስጎብኚ ለምኑ ነው?

አካሄዱን ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከወንዙ ዳር ነው፤ ጀልባውና ፋኖሱ ያለው እዚያ ስለሆነ። እኔ ግን ከላይ ጀምሩ እላለሁ። ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። ከላይ ትራን ፉ፣ መሃል ላይ ንጉየን ታይ ሆክ፣ ውሃው ዳር ባክ ዳንግ። ድሮ የወንዙ ዳርቻ ትራን ፉ ነበር። ወንዙ ደለል እየከመረ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ነጋዴው ተከትሎት ወረደ፤ አዲስ መሬት ላይ አዲስ መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ከትራን ፉ ወደ ውሃው ስትወርዱ ጥቂት ደቂቃ ነው የምትራመዱት፤ የምታቋርጡት ግን ወንዙ በብዙ ዘመን ያመጣውን አፈር ነው። ይህን ካወቃችሁ ሌላው በዓይን ይነበባል።

ትራን ፉን ወደ ምዕራብ ስትጨርሱ ጣራ ያለው የጃፓን ድልድይ አለ። በአንዱ ጫፍ ውሾች፣ በሌላው ጫፍ ጦጣዎች ተቀርጸው ይጠብቁታል። በ1719 የንጉየን ገዢ የነበረው ንጉየን ፉክ ቹ «ከሩቅ የመጡ እንግዶች ድልድይ» የሚል ስም ሰጠው። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ጃፓኖቹ ከሄዱ ቆይተዋል። የጃፓን መንግሥት በ1635 ዜጎቹ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ከልክሎ ስለነበር ሰፈራቸው እየከሰመ ሄደ፤ ድልድዩ ብቻ ቀረ።

የቀሩት ቻይናውያን ናቸው። በየመጡበት አገር ተቧድነው አዳራሽ ሠሩ፤ የፉጂያን፣ የካንቶን፣ የሃይናን። በፉጂያኖቹ አዳራሽ የምትከበረው የባሕር ተጓዦች ጠባቂ የሆነችው ቲየን ሃው ናት። የሃይናኖቹ ደግሞ በ1851 የባሕር ወንበዴ ናችሁ ተብለው በመንግሥት ሰዎች በግፍ ለተገደሉ 108 ነጋዴዎች መታሰቢያ ነው። ያ ሁሉ ወርቅ ቅብ የሚያብለጨልጨው ለሐዘን ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ በማይክሮፎን የሚያወራ ሰው አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ይቺን ከተማ እስከ ዛሬ ያቆየው ምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው «ቅርስ ወዳድ ሕዝብ ስለሆኑ» ይላል። ይሄ ግማሹ ነው። መጀመሪያ ያዳናት ድህነት ነው። ደለሉ ወንዙን ሲሞላው ትልልቅ መርከብ መግባት አቃተው፤ ፈረንሳዮችም ዳ ናንግን ወደባቸው አደረጉ። ንግዱ ሄደ፤ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። አፍርሶ ፎቅ የሚሠራ አቅም ያለው ሰው ስላልነበረ ቤቶቹ ባሉበት ቆሙ። (በ2025 የአስተዳደር ለውጥ ሲደረግ ደግሞ ሆይ አን ራሷ በዳ ናንግ ሥር ገብታለች። ወደቧን የወሰደች ከተማ ስሟንም ጠቀለለችው።)

ከዚያ በኋላ ነው የሰው ሥራ የመጣው። በ1980ዎቹ ካዚሚየሽ ክፊያትኮፍስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አርክቴክት፣ ሕዝቡ ካዚክ የሚለው፣ ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር ሆኖ «ይሄ መፍረስ የለበትም» ብሎ ተከራከረ። በ1997 እዚያው ቬትናም ሞተ፤ ዩኔስኮ የመዘገባትን ቀን አላየም። ሐውልቱ አሮጌው ከተማ ውስጥ ቆሟል፤ ስታልፉ ቆም በሉለት።

ግን ድህነት ያዳነውን ቤት ሀብት እንዳይገድለው የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ሁለት ምርጫ አለው። ቤቱን ለልብስ መሸጫ ወይም ለካፌ አከራይቶ ከአሮጌው ከተማ ውጭ ሰፊ ዘመናዊ ቤት ውስጥ መኖር ይችላል። ወይም ምስጥና ውሃ የሚበላውን እንጨት እያደሰ እዚያው መቆየት። የመጀመሪያው ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው ወጪ። ፊት ለፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚሄድ እንግዳ በሙሉ፣ ሳያውቀው ለመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል።

ንጉየን ታይ ሆክ ላይ 101 ቁጥር የሆነውን የታን ኪ ቤት ግቡ። ፊቱ በመንገዱ፣ ጀርባው በወንዙ ነው፤ ዕቃ ከጀልባ በኋላ በር ይገባል፣ በፊት በር ይሸጣል። ከአንድ ቤተሰብ ለሰባት ትውልድ አልወጣም። ግድግዳው ላይ በየዓመቱ ጎርፉ የደረሰበት ከፍታ ተጽፏል፤ የ1964ቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው የፉንግ ሁንግ ቤት ደግሞ የላይኛው ፎቅ ወለል ላይ መክፈቻ አለው። ውሃ ሲመጣ ዕቃው በዚያ ወደ ላይ ይሳባል። በኦክቶበር 2025 መጨረሻ አሮጌው ከተማ እንደገና በጎርፍ ተጥለቅልቋል። እነዚህ ሰዎች ዛሬም ከዚያ ውሃ ጋር ነው የሚኖሩት።

እና ለጥገናው ማን ይክፈል? ከቲኬቱ የሚገኘው ገንዘብ ከተማዋን ለመጠገን ይውላል፤ ቤታቸውን ለጎብኚ የከፈቱ ባለቤቶችም ከገቢው ይደርሳቸዋል። እኔ ሳለሁ ዋጋው ለውጭ ዜጋ 120,000፣ ለአገሬው 80,000 ዶንግ ነበር። ለእኛ ከአምስት ዶላር ያልበለጠ ማለት ነው፤ ማታ እዚያው ለእራት የምታወጡት ነው።

በ2023 አስተዳደሩ «ማንም ጎብኚ ያለ ቲኬት አይገባም» ሊል ሲነሳ ትልቅ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሐሳቡንም አቆየው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። መንገድ መንገድ ነው። ገበያ የሚሄደውን፣ ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣውን በር ላይ ማስቆም ከተማን ሙዚየም ያደርጋል። ግን በሩ ክፍት ስለሆነ አለመክፈል ሌላ ነገር ነው። ሰው ሳያስገድደን ስንከፍል ነው በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው። ካልከፈልን አጥሩ መምጣቱ አይቀርም።

«ኧረ ሁሉም ነገር ሱቅ ሆኗል፣ ለቱሪስት የተሠራ ቲያትር ነው» የሚሉ አሉ። ቅሬታው እውነት አለው። ማታ ማታ ወንዙ ዳር መፈናፈኛ የለም፤ ጀልባውና ፋኖሱ ትከሻ ለትከሻ ነው። ግን ሆይ አን መቼ ነው ሱቅ ያልነበረችው? የተሠራችው ለንግድ ነው። የሚያሳስበኝ መሸጡ አይደለም፤ ከሱቁ ጀርባ የሚያድር ሰው መጥፋቱ ነው። ሻጩ ሲመሽ ቆልፎ ወደ ሌላ ሰፈር ከሄደ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ዕቃውን ወደ ላይ የሚስብ የለም።

የጃፓኑ ድልድይ በ2024 ታድሶ ሲከፈት ማኅበራዊ ሚዲያው «አዲስ አደረጉት፣ ቀለሙ ደመቀ» ብሎ ጮኸ። እኔ ከአዳሾቹ ጎን ነኝ። ውሃ ላይ የቆመ እንጨት ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ይቀየራል፤ የተቀየረ አዲስ ይመስላል። ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን ይመልሱታል። ለፎቶ እንዲያምር ሲበሰብስ ተዉት ማለት ግን ለቅርስ ማዘን አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በጠዋት ሂዱ፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ ሴቶቹ ደጃቸውን ሲጠርጉ። ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር የጎርፍ ወቅት ስለሆነ ትንበያውን እዩ። ከትራን ፉ ጀምራችሁ ወደ ውሃው ውረዱ። ቢያንስ አንድ ሰው የሚኖርበት ቤት ግቡ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የጎርፍ ምልክት ከቁመታችሁ ጋር ለኩ።

ከዚያ በኋላ ቲኬቱ ውድ ነው የሚል ካለ ኮሜንት ላይ እንነጋገር።