ፀጉር ሠሪዋ ትፈተናለች፣ በሽታችንን የምትጽፈውስ?

አክስቴ ከገርጂ ወደ መገናኛ ይዛው የሄደችው የሪፈር ወረቀት የሚያምር ነበር። በኮምፒውተር የተተየበ፣ ማህተም ያረፈበት። ችግሩ አንድ ቃል ላይ ነው። ሐኪሙ በእጃቸው "ሃይፐርታይሮይዲዝም" ያሉትን ጸሐፊዋ "ሃይፖታይሮይዲዝም" ብላ ገልብጣዋለች። የመጀመሪያው የታይሮይድ ሆርሞን በዛ ማለት ነው፣ ሁለተኛው አነሰ። የአንዱ መድኃኒት ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ የሌላው ይጨምራል። ሁለተኛው ሐኪም ደሟን ደግመው ባያስመረምሩ ኖሮ በእሳት ላይ ቤንዚን ነበር።

እናላችሁ፣ ክሊኒኩ ምን አደረገ? ልጅቷን አባረረ። በቃ፣ ችግሩ ተፈታ!

እኔ ግን የምከሰው ልጅቷን አይደለም። ሲቀጥሯት የጠየቋት ኮምፒውተር መቻሏን ብቻ ነው። በአገራችን ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና አለ፤ ፀጉር ሠሪም ምግብ አብሳይም ይመዘንበታል። የጤና መረጃ ቴክኒሽያንም ይመዘናል፤ የሱ ዋና ሥራ ግን የካርድ አያያዝ፣ መረጃ ማጠናቀርና ሪፖርት ነው። የሐኪምን ጽሑፍና ድምፅ ወደ ሰነድ መገልበጥ ሲሆን ተራ ትየባ ይመስለናል።

አሜሪካኖቹ በ1978 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሙያ ማህበር አቋቁመዋል፣ የምስክር ወረቀትም ሰጥተውበታል። በሕግ የሚገደድ የለም፤ ሙያ መሆኑ ግን ታውቋል። "ዛሬ ማሽን ይጽፋል" የሚሉኝ አሉ። ይጽፋል፤ ማሽኑ ሃይፐርን ሃይፖ ሲል የሚይዘው ማነው?

"ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ክፍያ!" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔም የምፈራው እሱን ነው። ስለዚህ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ አይሁን። የማይነበብ የሐኪም ጽሑፍና የተቀዳ ድምፅ ይሰጣት፤ ክፍያውን ቀጣሪው ይቻል። ሐኪሙም ሳያነቡ አይፈርሙ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ትፈተን፦ ያልገባትን ቃል ስታገኝ ምን ታደርጋለች? የሙያው ደንብ ግልጽ ነው፤ ቦታውን ባዶ ትተዋለች፣ ትጠይቃለች እንጂ አትገምትም። ያቺ የተባረረች ልጅ ግን ኮሪደር ላይ የሚሮጡ ሐኪም አስቁማ "ዶክተር፣ ይሄ አልተነበበኝም" ለማለት ምን አቅም ነበራት? የምስክር ወረቀቱን የምፈልገው ለግድግዳ አይደለም። "አልገባኝም" ስትል ከሥራ እንዳትባረር ነው። እሷ ስትገምት የምንታመመው እኛ ነና።