የጦር አዛዥ የፖለቲካ አማካሪ

የጦር አዛዥ የፖለቲካ አማካሪ ማለት በጦርነት ወይም በሰላም ማስከበር ተልዕኮ ላይ ላለ አዛዥ የአካባቢውን የሥልጣን ሁኔታ፣ የመሪዎቹን ወዳጅነትና ጠብ፣ እንዲሁም አንድ ወታደራዊ እርምጃ የሚያስከትለውን ውጤት የሚያስረዳ ሰው ነው። አማካሪው ጦሩን አያዝም።

የጎጃም ምሳሌ

በጎጃም ለዚህ ሥራ ቀደምት ምሳሌ ይገኛል። ዘመቻው ጣሊያንን ለማስወጣት የተደረገ ጦርነት እንጂ ሰላም ማስከበር አልነበረም፤ የገጠመው ችግር ግን ዛሬም ያለ ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የኖረው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን አነስተኛ ቡድን እየመራ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተወካይ አዛዥ ከበደ ተሰማም በተልዕኮው ነበሩ። የጎጃም አርበኞች መሪዎች የነበሩት መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ተቀናቃኞች ስለነበሩ፣ ከመሣሪያው እደላ እኩል የሚያስፈልገው ዕርቅ ነበር። ሁለቱ በመስከረም 1933 ዓ.ም. ተባብረው ለመሥራት ተስማሙ።

በኋላ ሳንድፎርድ የንጉሠ ነገሥቱ የፖለቲካና የጦር አማካሪ፣ ኦርድ ዊንጌት ደግሞ የጌዴዎን ጦር አዛዥ ሆኑ። የሁለቱ ሥልጣን ወሰን በግልጽ ስላልተለየ ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል። እንዲያም ሆኖ ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ሲወጡ፣ ከእነርሱ ጋር የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ደረሱ።

በዛሬው ሰላም ማስከበር

በብዙ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮዎች የፖለቲካው ሥራ የሲቪል ኃላፊው፣ የጦሩ ደግሞ የአዛዡ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአብዬ በተቋቋመው ኃይል ግን ኢትዮጵያዊው ሌተና ጀኔራል ታደሰ ወረደ የተልዕኮው ኃላፊም የጦሩ አዛዥም ነበሩ። ሁለቱን ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ማድረግ የጎጃሙን ዓይነት ግጭት ያስቀራል፤ ነገር ግን አዛዡ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮችንና የንጎክ ዲንቃን የግጦሽና የውሃ ጉዳይ ራሱ መከታተል ይኖርበታል። ስለዚህ የአማካሪነት ሥራ የሚቀልለው ኃላፊነቱ አስቀድሞ ሲለይ ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አስፈላጊነት ግን በየትኛውም አደረጃጀት አይቀርም።