የግቢው ኔትወርክ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ተማሪውስ?

ሐዋሳ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ፣ በራሱ ብር በገዛው የስልክ ዳታ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚልክ ተማሪ ማየት ብርቅ አይደለም። ለምን ከግቢ አልላክም? ብትሉት መልሱ በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ከተማ አንድ ነው፦ «ኔትወርክ የለም»።

«ኔትወርክ የለም» ምርመራ ያልተደረገለት በሽታ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ሞልቶ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲቆራረጥ የአንድ ሕንፃ ስዊች ተቃጥሎ፣ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ቤቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወይም አንዱ በየዋህነት የአንድን ገመድ ሁለት ጫፎች እዚያው ስዊች ላይ ሰክቶ፣ ያው መረጃ መልሶ መላልሶ እየዞረ ሕንፃውን ቀጥ አድርጎት ይሆናል። ባንድዊድዝ መግዛት የሚያስታግሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ ግን ሁሌም የምንጠይቀው «ይጨመር» ነው።

መለኪያው ውድ አይደለም። ዛቢክስና ሊብሬኤንኤምኤስ በነጻ ይገኛሉ፤ የትኛው መስመር እንደሞላ፣ የትኛው መሣሪያ እንደሞተ በየጥቂት ደቂቃው ያሳያሉ። ከባዱ፣ ማታም ቅዳሜም ስክሪኑን የሚያይ ተረኛ ባለሙያ ማቆየት ነው። በዚህ ደመወዝ!

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል። በ2016 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። የዓመታት ድካም በአንድ ስዊች ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

«ቲክቶክ ይዘጋ» የሚሉ አሉ። በማግስቱ ግቢው በሙሉ ቪፒኤን ይጭናል። ቀን ለቤተ ሙከራና ለፈተና ቅድሚያ ሰጥቶ፣ ማታ መልቀቅ ይሻላል።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። «ክትትል» በአማርኛችን ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ የምታደርገውም ነው፤ ደኅንነት የሚያደርገውም ነው። የመስመሩን ጤና ለማወቅ የማንንም መልእክት ማንበብ አያስፈልግም፤ የሚያልፈውን መጠን መቁጠር ይበቃል። ጥቃት ሲደርስ የትኛው አድራሻ በየትኛው ሰዓት በማን እጅ እንደነበር የሚናገር መዝገብ ግን የግድ ነው። እሱን ማን ይከፍታል? ስንት ቀን ይቀመጣል? ዲን በስልክ ስለጠየቀ ይሰጣል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔቱ የጸደቀ አንድ ገጽ ደንብ ያውጣ፤ ተማሪው ዋይፋይ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ያንብብ። በእናንተ ግቢ እንዲህ ያለ ደንብ ያየ ካለ ኮሜንት ላይ ያስቀምጥልን።