ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ ግድግዳው ይጠየቅ

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሥራ ላይ ሳለ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ሲጠፋ የባለቤቱ ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይላል። ተሸክሞም ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። ጠጋኙ ብዙውን ጊዜ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ወይ ፓወር ሰፕላዩን ይቀይራል፣ ወይ ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። በጠጋኙ ዘንድ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለው ኮምፒውተር ግን ቤቱ በተመለሰ ማግስት እንደ ልማዱ ይጠፋል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ችግሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲመረመር የከረመው ጤነኛው ነበርና።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። በቤይሩትና በዙሪያዋ ለሚኖር ሰው ምርመራው ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ ወደ ማሽኑ ውስጥ፣ ወጪ ከማይጠይቀው ተነሥቶ ወጪ ወደሚጠይቀው መሄድ አለበት። የሌሎችን ሰዎች ወረቀት በኮምፒውተሩ ያኖረ ሰው ደግሞ ይህን ምርመራ ነገ ዛሬ እያለ ሊያቆየው አይገባም።

ነገሩ ተራ የቤት ዕቃ ጉዳይ እንዳልሆነ ለመረዳት ሐዝሚዬን ማስታወስ ይበቃል። ከቤይሩት በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በደማስቆ መንገድ ላይ የምትገኘውን ይህችን የባዕብዳ ወረዳ ከተማ በሊባኖስ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ ቆንስላችን ያለባት ናትና። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገሪቱ ገንዘብ ወድቆ የኮሮናም ወረርሽኝ በተጨመረበት በዚያ ሰኔ ወር፣ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን እያመጡ በቆንስላው ደጅ ጥለዋቸው ሄደዋል። ከእነዚያ እኅቶቻችን መካከል ደመወዛቸውን ያልተቀበሉ፣ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረ ብዙዎች ነበሩ። የፓስፖርት ቅጂ፣ የሥራ ውል፣ ደመወዝ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ወር ዝርዝር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያ ወቅት በጉልህ አሳይቷል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ዛሬ በአብዛኛው የሚቀመጡት በኮምፒውተር ነው፤ ማመልከቻ በሚጽፍ ወንድም ቤት፣ የዕቁብና የመረዳጃ ሒሳብ በምትይዝ እኅት ጠረጴዛ ላይ። ያ ማሽን በድንገት ሲጠፋ በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለው ሰነድ ሊበላሽ ይችላል፤ መጥፋቱ ሲደጋገም ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ይጎዳል።

እንግዲህ ወደ ግድግዳው እንመለስ። የሊባኖስ መብራት ነገር ለነዋሪው አይነገርም። ጥቅምት 9 ቀን 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለቱ ታላላቅ የኃይል ማመንጫዎች፣ ደይር ዓማርና ዘህራኒ፣ ነዳጅ አጥተው በመቆማቸው አገሪቱ በሞላ ጨልማ ነበር። ነሐሴ 17 ቀን 2024 ደግሞ የዘህራኒ ነዳጅ ሲያልቅ የመንግሥት መብራት አውሮፕላን ማረፊያውንና ወደቡን ሳይቀር ጥሎ ሄደ። ከእነዚህ ታላላቅ ጨለማዎች ባሻገር ያለው የዕለት ተዕለት ኑሮ በሁለት መስመር የሚሄድ ነው፤ አንደኛው የመንግሥት መብራት፣ ሁለተኛው «ኢሽቲራክ» የሚባለው የሰፈር ጄኔሬተር ኪራይ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር መብራቱ ለጥቂት ሰከንዶች ይቋረጣል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፣ ማቀዝቀዣው ትንሽ አጉረምርሞ ሥራውን ይቀጥላል። ኮምፒውተር ግን ይህን አይታገሥም። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ሥራ የበዛበትን ማሽን ሊያቆይ የሚችለው ለ16 ወይም ለ17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ የአንድ ሰከንድ ስድሳኛ ክፍል ገደማ ማለት ነው። ዓይን የማያስተውላት መቋረጥ ለእርሱ ሙሉ ሌሊት ናት።

ሁለተኛው የግድግዳው ምሥጢር የአምፔር ሒሳብ ነው። ኢሽቲራክ የሚሸጠው በአምፔር ነው። 5 አምፔር የተከራየ ቤት 5ቱን በ220 ቮልት ቢያባዛ የሚያገኘው 1,100 ዋት ብቻ ነው። ለቢሮ ሥራ የሚውል ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከ50 እስከ 150 ዋት ቢፈልግ ነው። የልብስ ካውያ ግን ብቻውን እስከ 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ የውኃ ማፍያውም እንዲሁ። ስለዚህ በወዲያኛው ክፍል ካውያ ሲሰካ ብሬከሩ ዘልሎ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። ብሬከሩ ባይዘልል እንኳ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ጄኔሬተር ቮልቱ ስለሚወርድ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ደካማው ፓወር ሰፕላይም ማሽኑን ይለቀዋል። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ሁሉም ቤት ምድጃውን በሚለኩስበት ሰዓት ኮምፒውተሩ እየመረጠ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠጋኝ ሳይጠራ ይታወቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ እርሳስና ወረቀት ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ ሰዓቱ፣ በክፍሉ ያለው አምፖል አብሮ ብልጭ ማለት አለማለቱ፣ በዚያች ሰዓት በቤቱ ምን ምን ዕቃ እንደሚሠራ። አምፖሉ አብሮ ብልጭ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ችግሩ ከማሽኑ ውጭ ነው። አምፖሉ ሳይንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ ብቻውን ከጠፋ ደግሞ የሶኬቱ መላላት፣ የማከፋፈያው መቃጠል፣ የገመዱ መሰበር ይታይ። ገመዱን በሌላ ገመድ፣ ሶኬቱን በሌላ ሶኬት ለውጦ መሞከር አንዲት ሊራ አያስወጣም።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን አንድ ስሕተት ማንሣት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በስታቢላይዘር መሰካት የተለመደ ነው፤ በመሆኑም ብዙ ሰው ለኮምፒውተሩም ስታቢላይዘር ገዝቶ ጉዳዩ ተፈጸመ ብሎ ያስባል። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ባትሪ የለውምና። መቋረጡን የሚሸፍነው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። እርሱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ በተለምዶ የሚገባበት የእርሳስ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት አገልግሎ ይሞታል፣ በሙቀት ቦታ ከዚያም ቀደም ብሎ። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ሥራን አስቀምጦ ፋይሎችን ከዘጉ በኋላ ዩፒኤሱን ከግድግዳው መንቀል ነው፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል። ሌዘር ማተሚያ በዩፒኤስ መሰካትም አይገባም፤ ወረቀቱን ለማጋል የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ይጭነዋልና።

ግድግዳው ነጻ ከወጣ በኋላ ነው ማሽኑ የሚጠየቀው። እዚህም ቅደም ተከተል አለ። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ፣ ወዲያው ሲከፍቱት ቶሎ የሚጠፋ፣ አርፎ ሲበርድ ግን ደኅና የሚሠራ ከሆነ የሙቀት ምልክት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል፤ ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ሲሄድ ደግሞ እንዳይቃጠል ማሽኑን ያጠፋዋል። እንግዲህ መጥፋቱ ራሱ መከላከያ ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው አቧራ ማጽዳት ነው፦ ገመዱን ነቅሎ፣ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይዞ፣ በደረቅ አየር መንፋት። ማራገቢያው መዞሩንም ማየት ይገባል። ይህ ካልበቃ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ስለሚሆን በአዲስ ይተካል።

ሙቀት ካልሆነ፣ ማሽኑም ከባድ ሥራ ሲጀምር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይጠረጠራል። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ይሻላል፤ አዲስ መግዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ከፍቶ መነካካት ግን ፈጽሞ አይገባም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህ ሰው ይገድላል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ በአራት ሰከንድ ገደማ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ማስነሻ ቁልፉ ተጣብቆ ይሆናል፤ ቁልፉ ለአራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲቆይ ማሽኑን በግድ ያጠፋልና። ጠፍቶ ከመቅረት ይልቅ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ እንደገና የሚነሣ ከሆነ ነገሩ ወደ ራም ወይም ወደ ፕሮግራም ያደላል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ለዚህ ችግር ብሎ መቀየር ግን እምብዛም ጥቅም የለውም፤ እርሷ ስትደክም ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ቀንና ሰዓቱ ነው።

ዊንዶውስ ራሱም ማስታወሻ ይይዛል። «ኢቨንት ቪወር» በሚባለው ቦታ ቁጥር 41 ሲገኝ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ዳግም መነሣቱን ይናገራል፤ ቁጥር 1074 ከሆነ ግን እንዲጠፋ ያዘዘው ፕሮግራም ወይም ሰው ነው፤ ለምሳሌ ዝመና የሚጭነው ዊንዶውስ ራሱ። አንዳንድ ጠጋኞች ቁጥር 41ን አሳይተው «ይኸው፣ ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል» ይላሉ። ይህ ፍርድ ከማስረጃው ያለፈ ነው። ቁጥሩ የሚመሰክረው መጥፋቱን እንጂ ያጠፋውን አይደለም።

«ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ይህን ለመመርመር ጊዜውን ከየት ታመጣለች?» የሚል ቢኖር ተቃውሞው ሚዛን አለው። ባለሙያ መናቅ ተገቢ አይደለም፤ ጠጋኙም ቢሆን ማሽኑን እንጂ ቤቱን አላየም። የቤቱን መስመር፣ የኢሽቲራኩን ልክ፣ ማሽኑ የሚጠፋበትን ሰዓት የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው። የሳምንቱን ማስታወሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ከጠጋኙ ጋር በእውቀት ይነጋገራል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ግን የተባለውን ይከፍላል። በአንዲት እሑድ ዕረፍት ወጥታ የወር ደመወዟን ለቤተሰቦቿ ለምትልክ ሠራተኛ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። መብራቱ ነገ አይስተካከልም፤ ማሽኑም አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። የእኅቶቻችንን የፓስፖርት ቅጂ፣ ውልና የደመወዝ ሒሳብ የያዘ ሰው አማና ተቀብሏል፤ አማና ደግሞ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አይንጠለጠልም። አንድ ቅጂ በማሽኑ፣ ሁለተኛው በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከዚያ ቤት ውጭ ይቀመጥ። ቅጂዎቹ በይለፍ ቃል ይዘጉ፤ የሰው ፓስፖርት በማንም እጅ የሚወድቅ ዕቃ አይደለምና። ማሽኑን ለጠጋኝ ከመስጠት በፊትም ይህ ይፈጸም፤ «እንደ አዲስ ልጫነው» የሚለው መፍትሔ በውስጡ ያለውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላልና።

የማኅበራችን አባላትና የመረዳጃ ሒሳብ ያዦች ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባቸው ቢያነሡት መልካም ነው። በጋራ አንድ ዩፒኤስና አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ መግዛት፣ ቅጂውን በየወሩ የሚያድስ አንድ ኃላፊ መምረጥ ከአንድ ስብሰባ በላይ አይፈጅም። በቆንስላው ደጅ ያለ ወረቀት የቀሩት እኅቶች ያስተማሩንን ትምህርት በብልጭታ ለምትጠፋ ማሽን አደራ ብለን ልንተወው አይገባም።